የቆላ ንዳድ በደጋ ቤት

አባይን በአውቶቡስ ስወርድ መጀመሪያ የሚያውቀው ጆሮዬ ነው። ከደጀን ቁልቁል እንደጀመርን፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ጠመዝማዛዎች ላይ ይደፈንና የተሳፋሪው ወሬ ሁሉ ከሩቅ የሚሰማ ይሆናል። ቀጥሎ አፍንጫዬ ይነቃል። በመስኮቱ የሚገባው አየር እየሞቀ ይሄዳል፤ የደረቀ ሣር፣ የግራር አበባ፣ የጋለ ድንጋይ ይሸታል። ሰው ጋቢውን ያወልቃል፤ እናቶች የልጆቻቸውን ቁልፍ ይፈታሉ። እኔ ግን ጋቢዬን ጭምቅ አድርጌ እይዛለሁ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ምነው ብሎ የጠየቀኝ እንደሆነ "ቆላ አይስማማኝም" እለዋለሁ። ውሸት ነው። ቆላው እኔን ምንም አላደረገኝም።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ጂኦግራፊ በማስተማር ነው። "የአንድን አገር የአየር ንብረት የሚወስኑት ምን ምን ናቸው?" ብዬ ስጠይቅ ተማሪዎቼ እንደ ዳዊት ደጋሚ በአንድ ድምፅ ያወርዱት ነበር፤ ከምድር ወገብ ያለው ርቀት፣ ከባሕር ወለል ያለው ከፍታ፣ ለባሕር ያለው ቅርበት፣ ነፋስ፣ የተራሮች አቀማመጥ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካርታ ዓለምን በቀለም ይከፍላታል፤ ለሞቃቱ አንድ ቀለም፣ ለበረሃው ሌላ፣ ለመካከለኛው ሌላ፣ ለዋልታው ነጭ። የእኛ አገር በሞቃቱ ቀለም ውስጥ ተቀምጣለች። ደብረ ማርቆስ ላይ በሐምሌ ጠዋት እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ የሚንዘፈዘፍ ተማሪ ይህን ሲያይ ይስቃል። "ከፍታ ነው ልጄ" እለዋለሁ፤ "ለምድር ወገብ ብንቀርብም ከፍታው ሌላ አገር አድርጎናል።"

እኛ ቤት ግን ዓለም የተከፈለችው በቀለም አልነበረም። ገብስ የሚበቅልበት ደጋ ነው፤ ጤፍ የሚበቅልበት ወይና ደጋ፤ ማሽላና ጥጥ የሚበቅልበት ቆላ። ከደጋው በላይ ጅባራ ብቻ የሚቆምበት ውርጭ አለ፤ ከቆላው በታች በረሃ። በዚህ ላይ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር ለተማሪዎቼ እጨምርላቸው ነበር። እያንዳንዱ አየር የራሱ እህል እንዳለው ሁሉ የራሱ በሽታም አለው። የቆላው ንዳድ ነው፤ ዛሬ ወባ የምንለው። የደጋው ተስቦ ነው፤ ብርድ ሰውን ከነቅማሉ በአንድ የበግ ጠጉር ባና ውስጥ ሲያከማቸው የሚመጣው። ይህን ስናገር ድምፄ የሚለወጥ ይመስለኛል፤ ተማሪዎቼ መጻፋቸውን ትተው ያዩኝ ነበር።

እንግዲህ ይህን ከማን እንደተማርኩት ልንገራችሁ።

ያደግሁት ከደብረ ማርቆስ በላይ፣ ወደ ጮቄ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። በራችን ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ሰው፣ ሰማይ በጠራ ጠዋት የአባይ ሸለቆ ከሩቅ ሰማያዊ ሆኖ ይታየዋል። አባቴ ጣልያን ከመግባቱ በፊት ሞቷል። ቤት ውስጥ የቀረነው እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ ነበርን። ጣልያን ደብረ ማርቆስ ሲገባ ወንድሜ የአባቴን ጠመንጃ ይዞ ወደ ቆላ ወረደና ሁለታችን ቀረን። ያኔ ለአቅመ ሔዋን ለመድረስ ጥቂት የቀረኝ ልጅ ነበርኩ።

እናቴ የቆላ ሴት ነበረች። በእኛ አገር ደገኛ ከቆለኛ የሚጋባው ለመዋደድ ብቻ አይደለም። አመዳይ ገብሱን ሲያቃጥለው ቆላ ያለው አማች ማሽላ ይልካል፤ ቆላውን አንበጣ ሲግጠው ደገኛው ገብስ ይልካል። እናቴ "እኔን የዳረኝ አመዳይ ነው" እያለች ትቀልድ ነበር። ደጋው ግን አልሆነላትም። እሳት ዳር ተቀምጣም ትከሻዋ አይፈታም። ተረከዟ ክረምቱ ከወጣ በኋላ በሚመጣው ደረቅ ብርድ ይሰነጣጠቅና ማታ ማታ በቅቤ አሽላት ነበር። ጎረቤቱም ይህን ያህል ዘመን አብሯት ኖሮ "ቆለኛዋ" ማለቱን አልተወም።

ደገኛ አንድ ሕግ ነበረው። ከመስከረም እስከ ጥቅምት መጨረሻ ቆላ ወርዶ አያድርም። የግድ የሚያስወርድ ጉዳይ ቢኖረው እንኳ በማለዳ ወርዶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ዳገቱ ይመለሳል። መሬቱ ደርቆ ኅዳር ሲገባ ነው እንደልብ የሚወረደው። ይህን ሕግ ያፈረሰ ንዳዱን ተሸክሞ ይመጣል። በዚያ ዘመን ሕጉን ያፈረሱት አርበኞቹ ነበሩ፤ ጣልያን ሸለቆውን ስለሚፈራው ሸለቆው ምሽግ ሆናቸው። ከጥይት ሲያመልጡ ንዳዱ ያገኛቸዋል።

ይህን የጣልያን መኮንኖች በራሳቸው አያውቁትም ነበር። የነገራቸው አስተርጓሚው ነው፤ የእኛው አገር ሰው፣ የእኛኑ ገብስ በልቶ ያደገ። ጭቃ ሹሙ በገበያ ቀን የእሱን ቃል ሲያስለፍፍ እናቴና እኔ ቆመን ሰምተናል። ንዳድ ደጋ ላይ አይበቅልም ይላል ቃሉ። በዚህ ወር ደጋ ላይ የሚንቀጠቀጥ ጎልማሳ የተገኘ እንደሆነ ቆላ ያደረ ነው፤ ቆላ ያደረም ከሽፍታ ጋር ያደረ ነው። የተጠጋ ይሰቀላል፤ ያስጠጋ ቤቱ ይቃጠላል። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ውሸት አለመሆኑ ነው። የአገር ዕውቀት ነበር፤ አያት ቅድመ አያቶቻችን ሰው እንዳይሞት ብለው ያወረሱን። እሱ ሰው መያዣ አደረገው።

አደይ አበባው መርገፍ ሲጀምር፣ አንድ ማለዳ የእናቴ ወንድም ከቆላ መጣ። አጎቴ ሁልጊዜ የሚመጣው መንገዱ ደርቆ ጥጥ ሲደርስ ስለነበር ገና ሳየው ደነገጥኩ። በቅሎዋ ላይ በባና የተጠቀለለ ነገር ጭኗል። የጥጥ ጆንያ መስሎኝ ነበር፤ አጥሩ ውስጥ ሲገባ አቃሰተ። ወንድሜ ነበር። ፊቱ የደረቀ ቅጠል መስሏል፤ ጎፈሬው ብቻ እንደ ድሮው ነው።

"ቆላው ሊጨርሰው ነው" አላት አጎቴ፤ "ደጋው ያብርድለት ብዬ አመጣሁት።" ንዳድ የያዘውን ወደ ደጋ ማውጣት የጥንት ወግ ነው። "የገበያውን ቃል አልሰማህም?" አለችው እናቴ። "ሰምቻለሁ። ጓደኞቹ ቦታ ለቀው ሊሄዱ ነው፤ እዚያ ጥዬው ቢሞትብኝስ?" አላት። እናቴ በቅሎዋን ውሃ አጠጣችለትና ሰው ሳያየው በመጣበት ተመለሰ።

የቆላ ንዳድ ቀን ይቆጥራል። ወንድሜን አንድ ቀን ይይዘዋል፤ በማግስቱ ይለቀዋል። በሚይዘው ቀን እንኳ ጠዋቱን ደኅና ሰው ነው፤ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጠን ስንሰጠው ፊቱን አጨፍግጎ ይስቃል። ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ በበሩ ገብታ የምሰሶው ሥር ስትደርስ ጥፍሩ ይጠቁራል። ከዚያ እግሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ከእግሩ ወደ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ ወደ ጥርሱ ይወጣል። የአልጋው ጠፍር ሲንጫጫ መንደሩ ሁሉ የሚሰማ ይመስለን ነበር። እናቴ በአንድ ወገን እኔ በአንድ ወገን ሆነን እንይዘዋለን። ሁለታችንንም ያነሣን ነበር።

እናቴ መጀመሪያ ያደረገችው ጎፈሬውን መላጨት ነው። አርበኛ አገሩ ነጻ እስኪወጣ ጠጉሩን ላይቆርጥ ስለሚምል፣ ጎፈሬ ላለው ጎልማሳ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። "ተስያለሁ እኮ እማ" አላት ወንድሜ። "ስለቱን እኔ እሸከመዋለሁ" አለችና ምላጩን በቀሚሷ ጠርዝ ወለወለችው። ንዳዱ አጥንቱን ሲሰብረው ያላለቀሰ ሰው ሲላጭ አለቀሰ። ጠጉሩን እሳት ውስጥ ብንከተው ሽታው ስለሚወጣ ከጓሮ ቆፍረን ቀበርነው። ተላጭቶ ሳየው አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ መሰለኝና አዘንኩለት።

ከዚያ የግቢውን በር በእሾህ ዘጋችና "ልጄን ተስቦ ያዘው" ብላ አስወራች። ከየት መጣ ለሚላት "ደብረ ማርቆስ መንገድ ሲሠራ ነበር፤ ከዚያ ያዘው" አለች። ከመንገድ ሥራ ተስቦ ይዞ የመጣ ብዙ ስለነበር የሚያምን አመነ። ተስቦ ያለበት ቤት ሰው አይገባም። ጎረቤቶቻችን ቂጣውን በአጥሩ ላይ አስቀምጠው፣ ከሩቅ ጠርተውን ይሄዱ ነበር። ያዋጣን መስሎን ነበር።

ግን ከታችኛው መንደር ወሬ መጣ። አስተርጓሚው ተስቦ የተባለበትን ቤት ሁሉ እያስከፈተ ያያል። ሰዉ በተስቦ ስም ንዳድ እንደሚሸሽግ ገብቶታል፤ ያገር ልጅ አይደል። ተስቦ ቀንም ሌትም አይለቅም፤ በሽተኛውን ያፈዘዋል፤ ቅማሉም ከልብሱ ላይ ይታያል። የእኛ ተስቦ ደግሞ አንድ ቀን እያለፈ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። ከዚያ ወዲያ ውሻ በጮኸ ቁጥር እናቴ ከእሳቱ ዳር ትነሣ ነበር።

ከእኛ ቤት በላይ፣ የዳገቱ አናት ላይ፣ የበግ ጠጉር እየፈተሉ የሚኖሩ አንዲት ብቸኛ አሮጊት ነበሩ። እሳቸውን የእውነቱ ተስቦ ይዟቸው ነበር። ዘመድ የላቸውም፤ የመንደሩ ሰውም ፈርቶ ርቋቸዋል። እናቴ ውሃና አጥሚት በራቸው ላይ ታስቀምጥላቸው ነበር። ያን ሰሞን አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ጉሙ እስኪሸፍነን ጠብቃ ወጣች። ስትመለስ አሮጊቷን አዝላለች።

ምን ልታደርግ እንደሆነ ሲገባኝ በሩን ዘጋሁባት። "ይዞሽ ቢሄድስ እማ?" አልኳት። "እኔ የቆላ ሴት ነኝ" አለችኝ፤ "የደጋ በሽታ አያውቀኝም። ዘወር በይ፣ ከብደውኛል።" በእኛ አገር ቆላ ተወልዶ ያደገን ሰው ንዳድ እንደማይጥለው ይታመናል፤ ሥጋው ለምዶታል ይባላል። እናቴ ይህን ገልብጣ ነው የያዘችው። የሚድነው የለመደ ሥጋ ነው እንጂ እንግዳ ሥጋ አይደለም። አምናበት ይሁን እኔን ለማረጋጋት ያለችው፣ አላውቅም። አንዳንድ ቀን አምናበታለች እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ አውቃ ነው እላለሁ፤ አውቃ ነው ባልኩ ቀን ምግብ አይወርድልኝም።

አሮጊቷን ከምድጃው አጠገብ ባለው መደብ ላይ አስተኛቻቸው። ወንድሜን ጓዳ ባለው አልጋ ላይ አደረገችው። ጓዳው ጠባብ ነው፤ ወደ ወንድሜ የሚደርስ ሰው በአሮጊቷ ራስጌ ተጠግቶ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። እኔን "ከበጎቹ ጋር ተኚ፤ ሳልጠራሽ አትግቢ" አለችኝ። እሳቸውን የምትነካው እሷ ብቻ ነበረች፤ የምታጥባቸው፣ የምታገላብጣቸው፣ አጥሚቱን በማንኪያ የምትሰጣቸው። ለወንድሜ ብላ ያመጣቻቸው ሴት ሆነው ሳለ፣ እንደ እናቷ ስታስታምማቸው አይቻለሁ።

ፈታሾቹ የመጡት ወንድሜን በሚይዘው ቀን ነው።

ቀትር አልፎ ነበር። የፈረስ ኮቴ ሰማሁ፤ ቀጥሎ የእሾሁ በር በጠመንጃ ሰደፍ ሲገፋ። መኮንኑ ወጣት ነው። ራሱ ላይ ለፀሐይ የተሠራ የቡሽ ባርኔጣ ደፍቷል፤ ልብሱ ስስ ካኪ ነው። አፍሪካ ሙቅ ናት ብለው የላኩት ይመስላል፤ የካርታውን ቀለም እንጂ ከፍታውን አልነገሩትም። ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ትከሻውን ሰብስቦ ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጥ ሰው ፍለጋ የመጣ ሰው ራሱ ሲንቀጠቀጥ ማየት ሌላ ቀን ቢሆን ያስቀኝ ነበር። ከኋላው ባንዶቹ ቆመዋል፤ ከፊታቸው አስተርጓሚው፣ ጥቁር በርኖሱን ደርቦ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ማን ነው የታመመው?" አላት አስተርጓሚው እናቴን።

"ሁለት ናቸው ጌታዬ። ልጄ ከመንገድ ሥራ ይዞት መጣ። እሳቸውም ጎረቤቴ ናቸው፤ ጠያቂ የላቸውም፤ አንድ ላይ ላስታምም ብዬ ነው።"

መኮንኑ በር ላይ ቀረ። አስተርጓሚው የበርኖሱን ጫፍ አፍንጫው ላይ ይዞ ገባ፤ እኔንም በእጁ ምልክት ጠርቶ አስገባኝ። ልጅ አይዋሽም ብሎ ይሆናል። ቤቱ የላብና ያልታጠበ የበግ ጠጉር ሽታ አፍኖታል። ፀሐይዋ በበሩ ገብታለች፤ የምሰሶውን ሥር ልትነካ የቀራት አንድ ስንዝር ነው። ከእሷ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

"ወንድምሽን ይለቀዋል ወይስ አይለቀውም?" አለኝ።

"አይለቀውም።"

"ሌትስ?"

"ሌትም ያቃዠዋል።"

"ያንቀጠቅጠዋል?"

"አያንቀጠቅጠውም። ያቃጥለዋል እንጂ።"

ወደ ጓዳው አንገቱን አስገባ። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የተላጨ ራሱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። እግሩ ከባናው ወጥቷል። አውራ ጣቱ ስትንቀሳቀስ አየሁ። አንዴ፤ ቆየች፤ ደግሞ አንዴ። እናቴም አይታለች።

"ግንባሩን ልየው" አለ አስተርጓሚውና በአሮጊቷ ራስጌ ለማለፍ እግሩን አነሣ። ያኔ ከባናው ሥር አንድ የከሳ እጅ ወጥቶ የበርኖሱን ጫፍ ያዘው።

"መጣህ ልጄ?" አሉት አሮጊቷ። ድምፃቸው የተሰበረ ነው። "እስከ ዛሬ የት ቀረህ? ና እስቲ፣ ጎንበስ በል፤ እናትህን ሳማት።"

አስተርጓሚው ደረቀ። ሊያስለቅቅ ጎተተ፤ እሳቸውም አብረው ተጎተቱና ነጠላቸው ከትከሻቸው ላይ ወረደ። በስፌቱ ላይ የተደረደረውን ቅማል እኔ ከቆምኩበት አየሁት። "ይልቀቁኝ" አላቸው፤ አንቱ ማለቱን ራሱም ያወቀው አልመሰለኝም። እሳቸው ግን በሁለት እጃቸው ያዙት። "እናትህን ሳማት እንጂ" እያሉ። በርኖሱን ከላዩ አውልቆ እዚያው ጥሎላቸው ወጣ።

ከውጭ ሁለቱ በጣልያንኛ ሲነጋገሩ ሰማን። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ባንዳ ለሌላው "ቤቱ ይቃጠል ነው የሚሉት" አለው። እናቴ ወደ ጓዳው ሄዳ ወንድሜ አጠገብ ቆመች። ቤቱ ቢቃጠል ይዛው ልትወጣ ይሁን አብራው ልትቀር፣ ፊቷ አያስታውቅም ነበር።

የዚያን ጊዜ ብርሃኑ ጠፋ። የምሰሶው ሥር የነበረችው ፀሐይ ድንገት ከሰመች። ጉሙ ደርሶ ነበር። በኋላ ለተማሪዎቼ በጠመኔ እየሳልኩ አስረዳቸው ነበር፤ ቀን ላይ ሸለቆው ይግላል፣ የጋለው አየር ዳገቱን ይዞ ይወጣል፣ ሲወጣ ይበርዳል፣ ሲበርድ እርጥበቱ ጉም ይሆናል። በጉም ውስጥ አርበኛ አንድ ክንድ ያህል ቀርቦ እንደሚተኩስ ጣልያኖቹ ተምረው ነበር። መኮንኑ አጠር ያለ ቃል ተናገረ። አስተርጓሚው ተከራከረው መሰለኝ፤ ያው ቃል ተደገመ። ፈረሶቹ ዞሩ።

ከግቢው ሳይወጡ ወንድሜን ያዘው። ጠፍሩ መንጫጫት ሲጀምር እናቴ አልጋው ላይ ወጣችና ሙሉ ለሙሉ ተኛችበት። ክንዷን አፉ ውስጥ ከተተች፣ ጥርሱ እንዳይጮኽ። ኮቴው እየራቀ ጉሙ ውስጥ እስኪጠፋ እንደዚያ ሆነው ቆዩ። ክንዷ ላይ የቀረው የጥርስ ምልክት ለብዙ ቀን አልጠፋም።

አሮጊቷን በኋላ ስጠይቃቸው "እኔ ምን አውቄ፤ ቃዥቼ ነው" ይሉኝ ነበር። ልጅ ወልደው እንደማያውቁ ግን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

ንዳዱ ወንድሜን እየራቀው ሄደ። ኅዳር ሲገባ አጎቴ መጥቶ ወሰደው። እናቴ ራሷን በጨርቅ አስራ በር ላይ ቆማ ሸኘችው። "ራስሽን ያምሻል እንዴ?" አላት ወንድሜ። "ብርዱ ነው" አለችው። እሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ ባናዋን ተከናንባ እስኪጠፋ አየችው፤ ከዚያ ገብታ ተኛች።

ቀንም ሌትም አልለቀቃት። የሚያስታምሟት አሮጊቷ ነበሩ፤ ጠጉራቸው በሙሉ ረግፎ፣ ገና መቆም ሳይሆንላቸው፣ በእንብርክክ እየሄዱ። እኔን በሩ ላይ አስቁመው ውሃ ያስቀብሉኝ ነበር። እናቴ በዚያ ዳገት ላይ ስትኖር "ሞቀኝ" ስትል የሰማኋት በዚያ ሳምንት ብቻ ነው። ባናውን እየገፈፈች "ሞቀኝ፣ በሩን ክፈቱልኝ" ትላለች፤ ውጭ ሜዳው በአመዳይ ነጥቷል። ስትሞት የቀበሯት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ተስቦ ነውና ሰው አልመጣም። ከዚያ ወዲያ አሮጊቷ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ሁለታችን ያንኑ እሳት እየሞቅን ከረምን። ብዙም አናወራም ነበር፤ እንዝርታቸው ሲሽከረከር ግን እተኛ ነበር።

ለወንድሜ የነገረው የለም። በረሃ ላለ ሰው መርዶ አይላክም፤ አጎቴ እያወቀ ዓይን ዓይኑን እያየ ዝም ብሎት ከርሟል። በኋላ ጣልያን ደብረ ማርቆስን ለቆ ሲሸሽ ወንድሜ መጣ። ገና ከታች ዳገቱ ላይ "እማ" እያለ ሲጣራ ሰማሁት፤ መንገድ ላይ ያገኙት ሰዎች ሰላም ብለውት ራሳቸውን ደፍተው ያልፋሉ። ልወጣ ስል አሮጊቷ ያዙኝ። "መርዶ በልጅ አፍ አይነገርም፤ የመንገደኛ ሆድም ባዶውን አይረዳም። በልቶ ይደር፤ ነገ በማለዳ ሽማግሎች ይንገሩት" አሉኝ።

እናቴን ጠየቀን። "ገበያ ወርዳለች፤ ታመሽ ይሆናል" አሉት አሮጊቷ። እሺ ብሎ ተቀመጠ። እንጀራውን አቀረብኩለት። መጀመሪያ እያወራ ይበላ ነበር፤ እንዴት እንደተዋጉ፣ ማን እንደዳነ። ዓይኑ ምድጃው ዳር ወዳለው ባዶ ቦታ ሄደ፤ ወደ እኔም ተመለሰ። ከዚያ ወሬው ቆመ። ገበያ የዋለው ትናንት እንደነበር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ያቀረብኩለትን ሁሉ ቀስ ብሎ በልቶ ጨረሰና እጁን ታጥቦ ተኛ።

በማለዳ ሽማግሎቹ ሲመጡ ውጭ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ተነሥቶ እጅ ነሣቸው። "አውቄያለሁ" አላቸው፤ "ቢሆንም ንገሩኝ።"

ለቅሶው ሲበርድ በምን እንደሞተች እኔን ጠየቀኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት፤ ማንን አዝላ እንዳመጣችና ለማን ብላ እንደሆነም። አሮጊቷ ምድጃው ዳር ሆነው ይሰሙን ነበር። ወንድሜ ወጥቶ ሄደ፤ እስኪመሽም አልተመለሰ።

በማግስቱ አሮጊቷ እንዝርታቸውንና የተባዘተውን የበግ ጠጉር በነጠላ ቋጥረው ተነሡ። የእሳቸው ቤት ጣራው ከወደቀ ሰንብቷል። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሊያሳልፋቸው ዘወር የሚል መሰለኝ። ቋጠሮውን ከእጃቸው ተቀበለና መደቡ ላይ መልሶ አስቀመጠው።

"ክረምቱ ደረሰ እኮ እሜቴ" አላቸው። "በዚህ ብርድ የት ይሄዳሉ?"

እሳቸው ቁጭ ብለው ቋጠሮውን ፈቱ፤ የተቋረጠውን ክር ፈልገው ቀጠሉት። እኔም እናቴ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ።